የ21 ሴንቲ ሜትሩን የሃይድሮጅን ሞገድ ከጎጃም ሰማይ መቀበል፦ ለጀማሪ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዝርዝር መመሪያ

የጽንፈ ዓለሙን የመጀመሪያ ዘመን በሬዲዮ ለማጥናት የሚነሣ ወጣት ተመራማሪ ዞሮ ዞሮ የሚፈልገው ከሃይድሮጅን አቶም የሚወጣውን፣ ርዝመቱ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ድግግሞሹ 1420.406 ሜጋኸርዝ የሆነውን ሞገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በበሩበት ዘመን የተነሣው ሞገድ ጽንፈ ዓለሙ በመስፋቱ ተለጥጦ ዛሬ ከ50 እስከ 200 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይገኛል፤ በዚያ ክልል መካከል ደግሞ የኤፍኤም ጣቢያዎች አሉ። ስለዚህ ጀማሪ እጁን ማፍታታት ያለበት ያልተለጠጠውን፣ ከራሳችን ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣውን ሞገድ በመቀበል ነው። ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል በዓለም አቀፍ ደንብ ከማንኛውም ስርጭት የተከለከለ በመሆኑ ሥራው በከተማ ዳር እንኳን የሚቻል ነው።

ሆኖም ይህን የሚሞክሩ ብዙዎች ምንም ሳያዩ ይቀራሉ። የሚቀሩበት ምክንያት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ መሣሪያውን አንድ ላይ ገጣጥመው፣ በየደረጃው ሳይፈትሹ፣ ወደ ሰማይ አዙረው ይጠብቃሉ። በትክክል የተሠራ ተቀባይ ሃይድሮጅኑን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያሳያል። በአምስት ደቂቃ ያልታየ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ቢጠበቅም አይታይም፤ ጉድለቱ በመሣሪያው፣ በቦታው ወይም በሰዓቱ ላይ ነውና መጠበቁን ትተው ወደ ኋላ እየተመለሱ ይፈትሹ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት በፍተሻው ቅደም ተከተል ስለሆነ አንዱን ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ደረጃ 1፦ ዕቃዎቹን ማሟላት

በአካባቢው ገበያ የሚገኙት እነዚህ ናቸው።

- ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ልሙጥ ቆርቆሮ። ሞገደኛው የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም።
- ኤሌክትሪሺያኖች ለሶኬት መስመር የሚጠቀሙበት ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ፣ አንድ ስንዝር።
- የዲሽ ኬብል ከሦስት እስከ አምስት ሜትር።
- ብሎን ወይም ሪቬት፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ቱንቢና ቴስተር።
- ላፕቶፕና የተሞላ ፓወር ባንክ።

ከውጭ የሚመጡት ደግሞ አርቲኤል-ኤስዲአር የተባለው በዩኤስቢ የሚሰካ ተቀባይ፣ ለ1420 ሜጋኸርዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ኤልኤንኤ የተባለ የደካማ ሲግናል ማጉያ፣ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ የተሠራ ኤስኤምኤ ኮኔክተር፣ የኬብል አስማሚዎችና ለፍተሻ በአንቴና ፋንታ የሚሰካ ባለ 50 ኦም ተርሚኔተር ናቸው። ዕቃዎቹን ከማዘዝዎ በፊት ለምርምር ሥራ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍልዎ ይያዙ፤ የሬዲዮ ዕቃ በጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፣ ደብዳቤውን ዕቃው ከተያዘ በኋላ መሯሯጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በየጣሪያው ላይ ያለው የቴሌቪዥን ዲሽ ራስ፣ ኤልኤንቢ የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ አያገለግልም። እርሱ የሚቀበለው ከ10,000 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን ነው። እንዲሁም ማጣሪያ የሌለውን ርካሽ ማጉያ አይግዙ፤ የሞባይል ማማ ሲግናል ይደፍነዋል።

ደረጃ 2፦ መለከቱን መሥራት

አንቴናው ሁለት ክፍል አለው፤ ከኋላ አንድ ጫፉ የተዘጋ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ከፊት ደግሞ ከሳጥኑ አፍ እየሰፋ የሚሄድ መለከት። ልኮቹን በወረቀት ሥለው ለቆርቆሮ ሠሪው ይስጡ፤ በቃል የተነገረ ልክ ወደ ባልዲ ወይም ወደ ጭስ ማውጫ ልክ መጠጋቱ አይቀርም።

የሳጥኑ የውስጥ ስፋት 16.5 ሴ.ሜ፣ የውስጥ ቁመት 8.3 ሴ.ሜ፣ ርዝመት 25 ሴ.ሜ ይሁን። ሳጥኑ ከአንድ ወጥ ቆርቆሮ ታጥፎ ይሠራ፤ መጋጠሚያው በማዕዘን ወይም በጠባቡ ግድግዳ ላይ እንዳይውል፣ በሰፊው ግድግዳ መካከል ለመካከል በርዝመቱ እንዲወርድ ያስደርጉ። በሰፊው ግድግዳ መካከለኛ መስመር ላይ የሚፈሰው ጅረት ወደ ጎን ስለማይሻገር በዚያ ያለ ስንጥቅ ሞገዱን እምብዛም አያባክንም። ባለሙያው ማዕዘን ላይ ማጋጠም እንደሚቀለው ይነግርዎታል፤ እውነቱን ነው፣ ግን አይስማሙ።

ለመለከቱ አራት ገጾች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ሰፊ ገጾች በጠባቡ ጫፍ 16.5 ሴ.ሜ፣ በሰፊው ጫፍ 75 ሴ.ሜ ሆነው ቁመታቸው 74.6 ሴ.ሜ ነው። ሁለቱ የጎን ገጾች በጠባቡ ጫፍ 8.3 ሴ.ሜ፣ በሰፊው ጫፍ 60 ሴ.ሜ፣ ቁመታቸው 75.9 ሴ.ሜ ነው። ለመጋጠሚያ የሚታጠፈውን 1.5 ሴ.ሜ በየጎኑ ከዚህ ልክ ውጭ ይጨምሩ። ሲገጣጠም 75 በ60 ሴ.ሜ የሆነ አፍ ይኖረዋል፤ ክብደቱ ከሳጥኑ ጋር አምስት ኪሎ አይሞላም፤ በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ስፋትም ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል።

ሲያልቅ በጨለማ ክፍል ውስጥ የበራ የእጅ ባትሪ ከውስጥ አስገብተው በአፉ ላይ ብርድ ልብስ ይጣሉበትና መጋጠሚያዎቹን ከውጭ ይመልከቱ። እንደ ነጥብ የሚታይ ብርሃን ምንም አይደለም። ከአንድ ሴንቲ ሜትር የረዘመ የብርሃን መስመር ካዩ ግን፣ በተለይ ሳጥኑና መለከቱ በሚገናኙበት አንገት ላይ ከሆነ፣ ተጨማሪ ሪቬት ያስመቱበት። በቀለም ወይም በማስቲሽ መድፈን አይጠቅምም፤ ብረት ከብረት ጋር መንካት አለበት።

ልኩ ቢዛነፍስ? በመለከቱ አፍ ላይ የአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት ችግር የለውም። በሳጥኑ ስፋት ላይ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይታለፋል። ከዚያ ካለፈ ሳጥኑን ብቻ እንደገና ያሠሩ እንጂ መለከቱን አይጣሉ።

ደረጃ 3፦ መዳብ ሽቦውን መትከል

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይስጡት።

1. ከሳጥኑ ሰፊ ግድግዳዎች መጋጠሚያ የሌለውን ይምረጡ። ሽቦው ቆሞ የሚያመለክተው ወደ 8.3 ሴንቲ ሜትሩ አቅጣጫ መሆን አለበት። በጠባቡ ግድግዳ ላይ የተበሳ ሳጥን የሚፈለገውን ሞገድ ጨርሶ አይቀበልም።

2. ከተዘጋው ጀርባ ውስጠኛ ገጽ 6.9 ሴ.ሜ ይለኩ። ከውጭ ሲለኩ የክዳኑ እጥፋት ልኩን ያሳስታል፤ ስለዚህ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ወደ ውስጥ አስገብተው ጀርባውን አስነክተው ይለኩና ልኩን ወደ ውጭ ያውጡት። ከሁለቱም ጎን 8.25 ሴ.ሜ በሚሆንበት መካከል ላይ ምልክት ያድርጉ።

3. የኮኔክተሩ መካከለኛ ፒን ከነነጩ ፕላስቲክ የሚያልፍበትን ያህል ይብሱ። የተቆራረጠውን ጠርዝ በሞረድ ያለስልሱ።

4. ከመዳብ ሽቦው የፕላስቲክ ልባሱን ገፈው፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ እያንከባለሉ ያቃኑት፤ ከዚያም በኮኔክተሩ ፒን ላይ በሶልደር ያያይዙት። ከሳጥኑ ውስጠኛ ገጽ ጀምሮ እስከ ጫፉ 5.5 ሴ.ሜ ያህል ይተዉለት። የመጨረሻው ልክ 5.2 ሴ.ሜ ገደማ ቢሆንም የተቆረጠ ሽቦ አይረዝምምና ጥቂት አስተርፎ መጀመር ይሻላል።

5. ኮኔክተሩን በአራት ብሎን ያሥሩ። በሥሩ ያለው ቆርቆሮ ቀለም ወይም ዝገት ካለው በአሸዋ ወረቀት ይፈግፍጉ።

6. በቴስተር ይፈትሹ። ከኮኔክተሩ ውጫዊ አካል ወደ ሳጥኑ መንጫጫት አለበት፤ ከመካከለኛው ፒን ወደ ሳጥኑ መንጫጫት የለበትም። ፒኑ ከሳጥኑ ጋር ከተነካካ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከነጩ ፕላስቲክ ወጥቶ የፈሰሰ ሶልደር ነው።

ርዝመቱን ለማስተካከል በትምህርት ክፍልዎ ናኖ-ቪኤንኤ የተባለው፣ ከአንቴና የሚመለሰውን ኃይል የሚለካ መሣሪያ ካለ ሽቦውን በአንድ በአንድ ሚሊ ሜትር እየቀነሱ፣ 1420 ሜጋኸርዝ ላይ የሚመለሰው ኃይል ከተላከው ቢያንስ በ10 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ አንድ አሥረኛው፣ እስኪያንስ ይቀጥሉ። መሣሪያው ከሌለ 5.2 ሴ.ሜ ላይ ቆርጠው ወደ ደረጃ 6 ሲደርሱ በሚያገኙት ውጤት ይፍረዱ።

ደረጃ 4፦ ማጉያውን፣ ኬብሉንና ተቀባዩን ማገናኘት

ማጉያው በአንቴናው ኮኔክተር ላይ በቀጥታ ይሰካ። በመካከል ኬብል አያስገቡ፤ ቀጭን ኬብል በዚህ ድግግሞሽ በየሜትሩ ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ስለሚበላ ከማጉያው በፊት የጠፋው በኋላ አይተካም። ከማጉያው በኋላ ግን የዲሽ ኬብል እንኳን ይበቃል፤ ባለ 75 ኦም መሆኑ ለዚህ ሥራ ከባድ ጉዳት የለውም።

የማጉያውን መግቢያና መውጫ ለይተው ያረጋግጡ። ተገልብጦ የተሰካ ማጉያ አይቃጠልም ይሆናል፣ ነገር ግን አንድም ነገር አያሳይም። ማጉያው ኃይል የሚያገኘው በኬብሉ በኩል ከሆነ በተቀባዩ ሶፍትዌር ውስጥ ባያስ ቲ የተባለውን፣ በኬብሉ ኃይል የሚልከውን ምርጫ ይክፈቱና ማጉያው ሳይሰካ በኬብሉ ጫፍ ላይ በቴስተር ይለኩ፤ ወደ 4.5 ቮልት መገኘት አለበት። ዜሮ ከሆነ ባያስ ቲው አልተከፈተም ወይም አስማሚው መካከለኛ ፒኑን አያገናኝም። ርካሽ አስማሚ ላይ ሁለተኛው የተለመደ ነው።

ቀጥሎ በሶፍትዌሩ ላይ የሚከተሉትን ያስተካክሉ። የመቀበያውን መካከለኛ ድግግሞሽ 1420.0 ሜጋኸርዝ ያድርጉ፤ በትክክል 1420.4 ላይ ካደረጉት ተቀባዩ ራሱ በመካከሉ የሚፈጥረው ሐሰተኛ ሹል መስመር ከሃይድሮጅኑ ጋር ይደራረባል። የናሙና ፍጥነቱ በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ይሁን። የስፔክትረሙን፣ ማለትም ኃይሉ በየድግግሞሹ የሚታይበትን ሥዕል፣ ክፍልፋይ 2048 ያድርጉ፤ እያንዳንዱ ክፍል 1.17 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ራሱን የሚያስተካክለውን የማጉላት ቁጥጥር ያጥፉ፤ ይህን መዘንጋት ከዚህ በኋላ ያለውን ልኬት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የማጉላቱን መጠን ለመምረጥ ከዝቅተኛው ጀምረው አንድ አንድ እርከን ከፍ ያድርጉ። የጫጫታው ወለል በየእርከኑ እኩል ዴሲቤል እየጨመረ የሚሄድበትን ክልል ያገኛሉ፤ ከክልሉ መካከል አንዱን ይምረጡና ከዚያ በኋላ አይንኩት። ባያስ ቲውን ሲዘጉና ሲከፍቱ ወለሉ በግልጽ ካልወረደና ካልወጣ ማጉያው አይሠራም ማለት ነው፤ ወደ ቮልቱ ፍተሻ ይመለሱ።

ደረጃ 5፦ ቦታ መምረጥ

የጎጃም መልክዓ ምድር ለዚህ ሥራ ያግዛል። የሚፈለገው ከፍታ ሳይሆን ከለላ ነው፤ ከፍ ያለ ጉብታ የየአቅጣጫውን የሞባይል ማማ ያሳያል። በጮቄ ተራራ ተዳፋት፣ በአባይ ሸለቆ ዳርቻ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ጀርባ ማማ የማይታይበት ጎድጓዳ ሥፍራ በቀላሉ ይገኛል። ሰማዩን ከአናት ጀምሮ 40 ዲግሪ ያህል በየአቅጣጫው ካሳየዎት ይበቃል፤ አድማስ ማየት አያስፈልግም። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው የግቢ ግንብ ከለላ ይፈልግ።

መለከቱን የሚያቆሙበት ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የተሠራ መደብ ይሁን። በአዊ ገበያዎች የሚሸጠው ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ከብረት ይመረጣል።

ከመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይውሰዱ፤ ለቀበሌውም አስቀድመው ያሳውቁ። አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ትልቅ የቆርቆሮ መለከት በማሳ መካከል ሲቆም ጥያቄ ማስነሣቱ ተገቢ ነው። መሣሪያው የሚቀበል እንጂ የሚልክ አለመሆኑን በግልጽ ያስረዱ፣ ማየት የሚፈልግ ካለም ያሳዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ መብረቅ ባለበት ቀን አይትከሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲከብድ ኬብሉን ነቅለው መሣሪያውን ያስገቡ። በረዶ ቆርቆሮውን ያጎድፈዋል፤ ዝናብ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ሽቦውን ይሸፍነዋል። በመለከቱ አፍ ላይ ስስ ላስቲክ ወጥረው ቢያሥሩ ሞገዱ ያልፋል፣ ውኃው ግን አይገባም፤ ላስቲኩ ላይ የተኛውን ውኃ ከልኬት በፊት ያራግፉ።

ከቦታው ሌላ የራስዎ ዕቃዎች ጫጫታ አላቸው። የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ፤ ስልክዎን ያጥፉ ወይም ከአውሮፕላን ሁነታ አያውጡት፤ ኤልኢዲ አምፖል፣ ኢንቨርተርና የሶላር ቻርጀር በአካባቢው እንዳይኖር ያድርጉ። ላፕቶፑ ከመለከቱ ጀርባ ኬብሉ እስከሚደርስበት ድረስ ይራቅ። በዚህ ረገድ መብራት የጠፋበት ምሽት መልካም አጋጣሚ ነው፤ መሣሪያው በባትሪ የሚሠራ ስለሆነ ሰፈሩ ሲጨልም ሬዲዮውም ይጸዳል።

ደረጃ 6፦ የመሬትና የሰማይ ፍተሻ

ሃይድሮጅን ከመፈለግዎ በፊት ይህን ፍተሻ ማለፍ ግዴታ ነው። መለከቱን ወደ መሬት ደፍተው፣ አፉ ሙሉ በሙሉ በሣር ወይም በአፈር እንዲሸፈን አድርገው፣ ጠቅላላውን ኃይል ለአንድ ደቂቃ ይመዝግቡ። ከዚያም ምንም ሳይነኩ ወደ አናት አዙረው እንደገና ይመዝግቡ። መሬቱ ወደ 290 ኬልቪን ሙቀት ያለው ሲሆን ሰማዩ ግን በዚህ ድግግሞሽ ከነከባቢ አየሩ ወደ 10 ኬልቪን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሬቱ የግድ ከሰማዩ በላይ መጮህ አለበት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ይለፉ። ስሌቱን ለሚፈልግ፦ የመሬቱን ኃይል ለሰማዩ ኃይል ሲያካፍሉ ለምሳሌ 3.5 ቢያገኙ፣ 3.5ን በ10 አባዝተው ከ290 ይቀንሱ፤ ቀሪውን 255 ለ2.5 ሲያካፍሉ 102 ኬልቪን ይመጣል። ይህ የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ነው፣ ለጀማሪም በጣም መልካም ውጤት ነው።

ልዩነቱ ከ1 እስከ 3 ዴሲቤል ከሆነ ሽቦውን አንድ ሚሊ ሜትር አሳጥረው እንደገና ይለኩ፤ ከተሻሻለ ይቀጥሉ፣ ከባሰ ያቁሙ። ከ1 ዴሲቤል በታች ከሆነ ሽቦ ማሳጠር አያድነውም። በቅደም ተከተል እነዚህን ይፈትሹ፦ ማጉያው ተገልብጧል? የማጉላቱ ራስ-ሰር ቁጥጥር ተመልሶ በርቷል? በአቅራቢያ ማማ አለ? የመጨረሻውን ለመለየት በአንቴናው ፋንታ ባለ 50 ኦም ተርሚኔተሩን በማጉያው መግቢያ ላይ ይስኩ። አንቴናው ወደ ሰማይ ዞሮ ከተርሚኔተሩ የበለጠ ኃይል ካሳየ ከውጭ የሚገባ ረብሻ አለና ቦታ ይቀይሩ።

ፀሐይም ጥሩ ፈታኝ ናት። በእኩለ ቀን መለከቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩ ጠቅላላው ኃይል ከባዶው ሰማይ በግልጽ ከፍ ማለት አለበት። በቀጥታ ወደ ፀሐይ መመልከት አያስፈልግም፤ በመለከቱ ጎን ላይ ወደ አፉ አቅጣጫ ቀጥ አድርገው ያቆሙት አጭር እንጨት ጥላው ሲጠፋ አነጣጥረዋል።

ደረጃ 7፦ ሰዓትና አቅጣጫ

ጎጃም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የፍኖተ ሐሊብ ዝርጋታ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ያልፋል። ስለዚህ መለከቱን በቱንቢ ቀጥ አድርገው ወደ አናት ካቆሙት ሌላ ማነጣጠር አያስፈልግም። ምድር ራሷ ሰማዩን ታሳልፍልዎታለች። የሁለት ወይም የሦስት ዲግሪ መዛነፍ በ20 ዲግሪ እይታ ውስጥ ምንም አይደለምና በማነጣጠር ሰዓት አያጥፉ።

የመጀመሪያው ማለፊያ፣ ወደ ጋላክሲው ውስጠኛ ክፍል የሚያዘነብለውና ጠንካራው፣ በአገራችን ሰዓት አቆጣጠር በእነዚህ ጊዜያት ገደማ ነው።

- መስከረም 12 አካባቢ፦ ከምሽቱ 1፡30
- ታኅሣሥ 13 አካባቢ፦ ከቀኑ 7፡30
- መጋቢት 13 አካባቢ፦ ከጠዋቱ 1፡30
- ሰኔ 15 አካባቢ፦ ከሌሊቱ 7፡30

ሁለተኛውና ደከም ያለው፣ ከጋላክሲው መካከል ተቃራኒ ወደሆነው ዳርቻ የሚያሳየው፣ ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆይቶ ይመጣል። በእነዚህ ቀናት መካከል ላለ ዕለት በየቀኑ 4 ደቂቃ፣ በወር 2 ሰዓት ወደ ኋላ እየቀነሱ ያስሉ። እያንዳንዱ ማለፊያ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ቀንም ሌሊትም፣ ደመናም ቢሆን ይታያል፤ በሰኔ እኩለ ቀን ላይ የሚሆነውን ሁለተኛውን ማለፊያ ግን ፀሐይ አብራ ስለምትገባ ይተዉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰዓት ምዝገባ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይሁን። ከምሽቱ 1፡30 በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 16፡30 ነው። ማስታወሻ ደብተሩ በእኛ ሰዓት፣ ላፕቶፑ በአውሮፓው፣ ሶፍትዌሩ በዓለም አቀፉ ሲሆን የስድስት ወይም የሦስት ሰዓት ስህተት ይገባና ባዶ ሰማይ ሲለኩ ያመሻሉ። ፋይሉን በዓለም አቀፉ ሰዓትና በአውሮፓው ቀን ይሰይሙ፤ የአገራችንን ቀን በደብተር ላይ ከጎኑ ይጻፉ። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ የላፕቶፑ ሰዓት ትክክል መሆኑን ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ መለካት

1. መሣሪያውን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ማጉያውና ተቀባዩ ሙቀታቸው እስኪረጋ ድረስ ልኬቱ ይዋዥቃል።
2. ከማለፊያው ሰዓት በፊት የመሬትና የሰማይ ፍተሻውን አንድ ጊዜ ይድገሙ።
3. በማለፊያው ሰዓት ለአምስት ደቂቃ የስፔክትረሞችን አማካኝ እየወሰዱ ይመዝግቡ።
4. ማጉላቱን፣ ኬብሉንና አቅጣጫውን ሳይነኩ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ቆይተው፣ ጋላክሲው ከአናት ዞር ሲል፣ ሌላ የአምስት ደቂቃ ልኬት ይውሰዱ። ይህ ማነጻጸሪያዎ ነው።
5. የመጀመሪያውን ስፔክትረም ለሁለተኛው ያካፍሉ።

አምስተኛውን ተግባር የሚዘሉ ሰዎች ሃይድሮጅኑ ፊታቸው ላይ ሆኖ አያዩትም። ያልተካፈለው ስፔክትረም የሚያሳየው የተቀባዩንና የማጣሪያውን ጠማማ ቅርጽ ነው፤ ከተካፈለ በኋላ ጠማማው ይቃናና ከ1420.4 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ወደ ዝቅተኛው ድግግሞሽ የሚንጋደድ ሰፊ ጉብታ ይወጣል። አራት ሰዓት መቆየት ካልቻሉ መሬቱን የለኩበትን ስፔክትረም እንደ ማነጻጸሪያ ይጠቀሙ፤ ውጤቱ ያን ያህል የጠራ ባይሆንም ጉብታውን ያሳያል።

አምስት ደቂቃ የሚበቃበት ምክንያት ቀላል ነው። በመቶ ሃምሳ ኬልቪን ጫጫታ፣ በ5 ኪሎኸርዝ ስፋት፣ የ300 ሴኮንድ አማካኝ ሲወሰድ የሚቀረው መዋዠቅ ከ0.2 ኬልቪን ያንሳል፤ የጋላክሲው ሃይድሮጅን ግን በአሥሮች የሚቆጠር ኬልቪን ነው።

ደረጃ 9፦ ያዩት ነገር ሃይድሮጅን መሆኑን ማረጋገጥ

ሹልና ቀጭን መስመር ካዩ ሃይድሮጅን አይደለም፤ ከላፕቶፑ ወይም ከዩኤስቢ ኬብሉ የሚመጣ ነው። የሃይድሮጅኑ ጉብታ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎኸርዝ ስፋት አለው፤ ምክንያቱም ጋዙ በተለያየ ፍጥነት ይጓዛል፣ እያንዳንዱ በሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም ድግግሞሹን በ4.74 ኪሎኸርዝ ያዛውረዋል። በጠንካራው ማለፊያ ከእኛ የሚርቀው ጋዝ በሴኮንድ 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ጉብታው ከ1420.4 በታች እስከ 300 ኪሎኸርዝ ያህል ይዘረጋል። በሁለተኛው ማለፊያ ግን ጠበብ ብሎ ወደ ዋናው ድግግሞሽ ይጠጋል። ሁለቱ ማለፊያዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ካሳዩ ይጠራጠሩ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ሰዓት ነው። የሰው ሠራሽ ረብሻ የሰውን ሰዓት ይከተላል፤ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ይመጣል። ጋላክሲው በየቀኑ በ4 ደቂቃ ይቀድማል። አንድ ሳምንት ለይተው ሲለኩ የጉብታው ከፍታ ጫፍ ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ መምጣት አለበት።

ጉብታው ቢታይም መላው ቅርጽ በብዙ ኪሎኸርዝ ተዛውሮ ቢገኝ ሁለት ምክንያቶችን ይለዩ። የተቀባዩ ክሪስታል በሚሊዮን 50 እጅ ቢሳሳት 71 ኪሎኸርዝ ያዛውራል፤ ይህ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ መዞሯ ደግሞ እስከ 140 ኪሎኸርዝ ድረስ ሊያዛውር ይችላል፤ ይህኛው ከወር ወር ይለዋወጣል፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፉ የሥነ ፈለክ ፕሮግራሞችም በቀላሉ ይታረማል። በማነጻጸሪያው ስፔክትረም ውስጥም ጥቂት ሃይድሮጅን ስላለ ከተካፈለ በኋላ 1420.4 አጠገብ ትንሽ ጎድጓድ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ሃይድሮጅን የሌለበት የሰማይ አቅጣጫ የለም።

ወደ መጀመሪያው ዘመን ከመውረድዎ በፊት

ይህን ልኬት በተለያየ ወር ደጋግመው ተመሳሳይ ውጤት ካገኙ በኋላ ብቻ ወደ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይውረዱ። እዚያ መለከት አይሠራም፤ በ78 ሜጋኸርዝ ሞገዱ ወደ 4 ሜትር ስለሚጠጋ በሁለት ዘንግ የሚሠራ ዳይፖል አንቴና ያስፈልጋል። የሚፈለገው ምልክትም ከባድ ነው፦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 እንደተገኘ የተነገረው የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ምልክት በ78 ሜጋኸርዝ ጥልቀቱ ግማሽ ኬልቪን ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ድግግሞሽ የሰማዩ የራሱ ብርታት ከሺህ ኬልቪን በላይ ነው፤ በ2022 ይፋ የሆነው፣ በሕንድ ሐይቆች ላይ በተንሳፈፈው ሳራስ 3 የተባለ ተቀባይ የተደረገው ልኬት ግን ያንን ምልክት አላገኘውም። እነዚያ ተመራማሪዎች ሐይቅ የመረጡት ከአንቴናው ሥር ያለው ውኃ አንድ ወጥ በመሆኑ ነው፤ ጣና ለቀረበው ተማሪ ይህ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ሥራዎ ግን ምልክቱን መፈለግ ሳይሆን ቦታውን መመዝገብ ይሁን። ዳይፖሉን በመረጡት ሸለቆ ተክለው ከ50 እስከ 200 ሜጋኸርዝ ያለውን ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይመዝግቡ፤ በየአሥር ደቂቃውም በአንቴናው ፋንታ ተርሚኔተሩን ሰክተው የመሣሪያውን መዋዠቅ ይለኩ። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የትኛው ጣቢያ በየትኛው ሰዓት እንደሚሰማ በሰንጠረዥ ያስፍሩ። ለዚህ ልኬት ለ1420 ሜጋኸርዝ የተሠራውን ማጉያ አይጠቀሙ፤ ማጣሪያው ይህን ክልል ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል።